ሉሪ ጥፋቱን አምኖ ለምን አልዳነም? በ«ዲስግሬስ» ላይ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የደቡብ አፍሪካዊውን ደራሲ የጄ. ኤም. ኩትሲን ልቦለድ "ዲስግሬስ" መርጫለሁ። ርዕሴ ሥልጣን፣ ጸጸትና የሞራል ውድቀት በድኅረ ቅኝ ግዛት ልቦለድ የሚል ነው። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። ዴቪድ ሉሪ በአጣሪ ኮሚቴው ፊት ጥፋቱን አምኗል፤ ለምን አልበቃቸውም? በልጁ በሉሲ ላይ የደረሰው መደፈር፣ እሱ በተማሪው በሜላኒ ላይ ለፈጸመው ወሲባዊ በደል የተከፈለ ዋጋ ነው ማለት እችላለሁ? መጨረሻ ላይስ ውሾቹን በመንከባከብ ንስሐ ገብቷል? አማካሪዬ የመጀመሪያ ምዕራፌን "ሥልጣን ያባልጋል የምትለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያስረዘምሽው" ብለው መልሰውልኛል። ከአንድ የኢትዮጵያ ልቦለድ ጋር ባነጻጽረው ይሻል ይሆን?»

ምላሽ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። «ሥልጣን ያባልጋል» ለማንኛውም ልቦለድ የሚገጥም አባባል ስለሆነ ስለዚህኛው የሚነግረን ነገር የለም። ሦስቱም ጥያቄዎችዎ ደግሞ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ መጽሐፉን እንደ ኃጢአት፣ ቅጣት፣ ንስሐና ስርየት ታሪክ አንብበውታል። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ቅደም ተከተል ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ ነውና ሳናስበው እንጭነዋለን። ኩትሲም ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል፤ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ያቀርባቸዋል፣ አንዳቸውም ግን ወደሚቀጥለው አያሻግሩም። የጥናትዎ ጉዳይ መሆን ያለበት ይህ አለመሻገር ነው።

አስቀድሞ ሥልጣኑ የት እንዳለ ይለዩ። ሉሪ የ52 ዓመት ሰው፣ ሁለት ጊዜ ትዳር የፈታ የኬፕታውን መምህር ነው። የዘመናዊ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሲደራጅ ትምህርት ክፍሉ ተዘግቶ አሁን ኮሙኒኬሽን ያስተምራል፤ የሚወደውን የሮማንቲክ ዘመን ግጥም የሚያስተምርበት በዓመት አንድ ኮርስ ብቻ ቀርቶለታል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ሥልጣኑን የተነጠቀ ነጭ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ የቀነሰው ክብሩ ነው፣ መዝገቡ ግን አሁንም በእጁ ነው። ሜላኒ አይዛክስን ለማግኘት ከትምህርት ክፍሉ ቢሮ የምዝገባ ካርዷን አውጥቶ አድራሻዋንና ስልኳን ይገለብጣል። ክፍል ሳትገባ እንደገባች አድርጎ ይመዘግባል። ላልተፈተነችው የአጋማሽ ፈተና 70 ይሰጣታል። ከዚያ በፊትም ሐሙስ ሐሙስ 400 ራንድ እየከፈለ (ግማሹ ለአገናኙ ድርጅት ነው) የሚያገኛት ሶራያ ስትርቀው፣ ለመርማሪ ድርጅት ከፍሎ ስልኳን አስፈልጎ ቤቷ ደውሏል። በሁለቱም ቦታ አሠራሩ አንድ ነው፤ ስለ ሴቲቱ የተያዘ መረጃ ውስጥ ይገባና ከዚያ በኋላ «ስሜት ነው ያሸነፈኝ» ይላል። ስለዚህ የሥልጣን ምዕራፍዎ የአፓርታይድን ታሪክ ከመተረክ ይልቅ ከእነዚህ ካርዶች፣ ነጥቦችና ስልኮች ቢነሣ ይሻላል። ኮሚቴው ፊት የቀረበው ክስ ሁለት መሆኑንም አይርሱ፤ አንዱ ተማሪ ማንገላታት፣ ሌላው መዝገብ ማጭበርበር ነው። ስለ መጽሐፉ የሚጻፉ የተማሪ ጽሑፎች ሁለተኛውን አዘውትረው ይዘነጉታል፤ ሥልጣኑ ግን በወረቀት ላይ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ምዕራፍ 6 ላይ ሉሪ ሁለቱንም ክሶች አምኖ ፍርዱ ቶሎ እንዲሰጠው ይጠይቃል። የሜላኒን የክስ ቃል ግን አላነበበም፤ ማንበብም አይፈልግም፣ የጻፈችውን ሁሉ በደፈናው ይቀበላል። ከኮሚቴው አባላት አንዷ የሆነችው ፋሮዲያ ራሱል ጉድለቱን ነቅሳ ታሳያለች፤ የሚናዘዘው መቋቋም ስላልቻለው ስሜት ነው፣ ስላደረሰው ጉዳትም ሆነ ይህ ድርጊት ስለሚቀጥለው ረጅም የብዝበዛ ታሪክ ያለው ነገር የለም። ሊቀመንበሩ ማታባኔ በኋላ የተዘጋጀ የይቅርታ ጽሑፍ እንዲፈርም ይጠይቀዋል፤ ከልብህ ይሁን አይሁን የህሊናህ ጉዳይ ነው ይለዋል። ሉሪ እንቢ ብሎ ሥራውን ያጣል። መከራከሪያው፣ በዓለማዊ ችሎት ፊት ዓለማዊ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ንስሐ የሌላ ዓለም ነገር ነው የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ገሚሱ ሉሪን የህሊና ነጻነት ጠበቃ ያደርገዋል፤ ገሚሱ ኮሚቴውን ያጨበጭብለታል። ሁለቱም ይስታሉ። የሉሪ መርህ በራሱ ትክክል ነው፤ መንግሥትም ዩኒቨርሲቲም ጸጸትን በፊርማ ማስገደድ የለበትም። ነገር ግን በዚህ ችሎት ውስጥ የመርሁ ተጠቃሚ ማን ነው ብለው ይጠይቁ፤ የክሱን ቃል ከማንበብ የዳነው እሱ ራሱ ነው። ጥፋቱን በማመኑ ሜላኒ የተናገረችውን ከመስማት አመለጠ። ኮሚቴውም ቢሆን የሚፈልገው መግለጫ ለጋዜጣ የሚሆን እንጂ ለእሷ የሚደርስ አይደለም። በዚህ ሁሉ ክርክር እሷ የለችም፤ የክስ ቃሏን እኛ አንባቢዎችም አናነብም። ስለዚህ «ለምን አልበቃቸውም?» የሚለውን ጥያቄ «ይህን ቃል መስማት የሚገባው ማን ነበር?» ብለው ይለውጡት። ምዕራፍዎ ይለወጣል።

እዚህ ጋ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ኮሚቴውን የአፓርታይድ ዘመን በደሎችን የመረመረው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮሚሽኑ በ1995 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ1996 ሥራ ጀምሯል፣ በዴዝሞንድ ቱቱ እየተመራ ሪፖርቱን በጥቅምት 1998 አስረክቧል። ስለዚህ ግንኙነቱ አያጠራጥርም። ግን ሕጉን ይመልከቱ። ምሕረት ለማግኘት ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ ያለው መሆን ነበረበት፣ አመልካቹም የሚያውቀውን ሁሉ መግለጥ ነበረበት፤ መጸጸት በመስፈርትነት አልተቀመጠም። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመልክተው ምሕረት ያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። በልቦለዱ ውስጥ ያለው ኮሚቴ ተቃራኒው ነው፤ ፍሬ ነገሩ ተገልጦ አላለቀም፣ የሚጠየቀው ጸጸት ነው፣ ወንጀሉም የግል ነው። ኩትሲ ኮሚሽኑን አልገለበጠም። ሕጉ ሆን ብሎ የተወውን ጥያቄ፣ የልብን ነገር፣ ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ክፍል አስገብቶ ምን እንደሚሆን አሳየ። አንድ ለአንድ ማመሳሰል ይህን ልዩነት ይውጠዋል።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ አይቻልም። ሉሪ በምሥራቃዊ ኬፕ፣ በሳሌም አቅራቢያ ወዳለው የሉሲ እርሻ ሄዶ ሳለ ሦስት ሰዎች ቤቱን ይወራሉ፣ ሉሲን ይደፍራሉ፣ እሱን አልኮል አርከፍክፈው ያቃጥሉታል፣ በአጥር ያሉትን ውሾች በጥይት ይገድላሉ። ይህ ከሜላኒ ታሪክ ተከትሎ ስለሚመጣ «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚል ንባብ ይጋብዛል። እንዲህ ሲነበብ ግን ሉሲ የአባቷ ሒሳብ መክፈያ ሆና ትቀራለች፤ ሉሪ ራሱ ሴቶችን ሲያይበት የነበረውም መንገድ ይኸው ነው። ሉሲ ለፖሊስ የምታስታውቀው ዘረፋውን እንጂ መደፈሯን አይደለም፤ በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ ጉዳዩ የግሌ ነው ትላለች። አባቷ ያለፈውን በደል በስቃይሽ ልትክሺ ነው ወይ ሲላት፣ በደልና መዳን ረቂቅ ሐሳቦች ናቸው፣ እኔ በረቂቅ ሐሳብ አልመራም ብላ ትመልስለታለች። የእርስዎን ጥያቄ ሉሪ አስቀድሞ ጠይቆታል፤ ሉሲም አስቀድማ ውድቅ አድርጋዋለች። «ዋጋ» የሚለውን ሐሳብ እሷም ታነሣለች፣ ነገር ግን በዚያ መሬት ላይ ለመቆየት የሚከፈል ሊሆን ይችላል ብላ ነው እንጂ ለአባቷ ጥፋት አይደለም።

ሁለቱን ድርጊቶች የሚያገናኘው ሌላ ነው። ሉሲ ስለ ወንዶችና ስለ ጥላቻ ስታወራው አንተ ወንድ ነህ፣ ልታውቀው ይገባል ትለዋለች። ሉሪም በኋላ ያንን ቀን በሐሳቡ ሲመልሰው ራሱን በወንዶቹ ቦታ ማስቀመጥ እንደሚችል ይረዳል፤ ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፣ በሴቲቱ ቦታስ መሆን ይችላል? በእኔ ግምት የመጽሐፉ ማዕከል ይህች ጥያቄ ናት፤ መልስ ሳታገኝ ትቀራለች። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሉሲ ጎረቤት ፔትረስ ጥቃቱን አቀነባበረ ብለው እንዳይጽፉ። ያን ዕለት አለመኖሩ፣ ከወራሪዎቹ አንዱ ፖለክስ ዘመዱ ሆኖ መገኘቱ፣ በመጨረሻም መሬቱን ማግኘቱ ጥርጣሬ ይፈጥራሉ፤ ጽሑፉ ግን ከጥርጣሬ አያልፍም። ጥርጣሬው የማን እንደሆነ ማሳየት ይበቃዎታል።

ሦስተኛው ንባብ፣ ውሾቹ፣ ከሁሉም የበለጠ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ምዕራፍ 16 በእርግጥ ልብ ይነካል። ሉሪ በእንስሳት ክሊኒክ የምትሠራው ቤቭ ሾው የምትገድላቸውን ውሾች ሬሳ ወደ ሆስፒታሉ ማቃጠያ ይወስዳል። ሠራተኞቹ የደረቁትን እግሮች በአካፋ እየሰበሩ ሲያስገቡ ስላየ ራሱ አንድ በአንድ ይጭናቸዋል። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ «ተለወጠ» ብሎ ይዘጋዋል። ግን መጽሐፉ 24 ምዕራፍ ነው፤ ስምንት ይቀሩታል። በምዕራፍ 19 ጆርጅ ከተማ ወደ ሜላኒ ቤተሰብ ሄዶ በእናትየዋና በታናሽ እህቷ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ያስነካል፤ በዚያው ቅጽበት ለታናሽየዋ ምኞት ይቀሰቀስበታል። በምዕራፍ 21 ኬፕታውን ተመልሶ ቴአትር ላይ ሜላኒን ተደብቆ ያያል፤ ከዚያ ሲወጣ ከእሷም የምታንስ የመንገድ ሴት መኪናው ውስጥ ያስገባል። የክስተቶቹ ተራ የ«ስርየት» ንባብን ይሰብረዋል። የሚከላከሉት ሐሳብ ጠባብ ይሁን፤ ሉሪ ለማያመሰግነውና ለማያውቀው ፍጡር ትኩረት መስጠት ይማራል፣ ይህ ትኩረት ግን ወደ ሜላኒ አይሻገርም። የመጨረሻውን ገጽ፣ የሚወደውን አንካሳ ውሻ አሳልፎ ሲሰጥ፣ እንደ ምሕረትም እንደ ተስፋ መቁረጥም ማንበብ ይቻላል፤ ሁለቱንም ጽፈው የትኛው ለምን እንደሚያመዝን ይከራከሩ።

ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው የአንጻሩ፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ አሠራር ነው፤ ለዚህ ቢያንስ አሥር ገጽ ይስጡት። ትረካው በሦስተኛ መደብና በአሁን ጊዜ ነው፣ ሁሉን አወቅ ግን አይደለም፤ ከሉሪ ዓይን አንዲት ጊዜ እንኳ አይወጣም። በምዕራፍ 3 በሜላኒ ቤት የሆነውን ትረካው መድፈር ለማለት ጥቂት የቀረው፣ እስከ ውስጥ ድረስ ግን ያልተፈለገ አድርጎ ይገልጸዋል። ይህ የማን ብያኔ ነው? ተራኪው በራሱ ድምፅ የሚናገር ይመስላል፣ ሚዛኑን የያዘው ግን ሉሪ ነው፤ ባለጉዳዩ ዳኛ ሆኗል። የድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ ሃያሲዋ ጋያትሪ ስፒቫክ በ2002 ባወጣችው ጽሑፍ መጽሐፉ አንባቢውን ከዚህ አንጻር በተቃራኒ እንዲያይ ይገፋፋዋል ብላለች፤ ሐሳቧ ለሥራዎ በጣም ይጠቅማል። አንጻሩን አለማስተዋል የሚያመጣውን መዘዝ ለማሳየት ደግሞ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2000 የደቡብ አፍሪካ ገዥ ፓርቲ ኤኤንሲ ስለ ዘረኝነት በመገናኛ ብዙኃን በሰብአዊ መብት ኮሚሽን በተካሄደው ምርመራ ላይ ይህን ልቦለድ ጠቅሷል፤ በመጽሐፉ የሚታየው የጥቁር ሰው ሥዕል የነጮችን አመለካከት ያሳያል በማለት። ወቀሳው ከባዶ አልተነሣም፤ ግን ሉሪ የሚያየውን ደራሲው ከሚያምነው ሳይለዩ መልስ መስጠት አይቻልም።

አሠራሩን እንዲህ ያድርጉት። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ የሉሪ ግምት እንደ እውነት የቀረበበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስምሩ። በሁለተኛው ንባብ የሴቶቹን ንግግር ብቻ ወደ ማስታወሻ ይገልብጡ፤ ሶራያ፣ ሜላኒ፣ ራሱል፣ ሉሲ፣ ቤቭ። የሜላኒ ስንት መሥመር እንደማይሞላ ሲያዩ የጥናትዎ ግማሽ ተጽፎ ያገኙታል። ከዚያ ኑዛዜ የሚመስሉትን ትዕይንቶች ለይተው በእያንዳንዱ ላይ ማን ይናገራል፣ ማን ይሰማል፣ ማን መስማት ነበረበት፣ ከዚያ በኋላ በተግባር ምን ተለወጠ ብለው ይጠይቁ። በ2008 የተሠራውን ፊልም በምንጭነት አይጠቀሙ፤ የመጨረሻዎቹን ትዕይንቶች ተራ ስለቀየረ ትርጉሙም ተቀይሯል።

ስለ ማነጻጸሪያው። የሚያስቡት «ኦሮማይ»ን ከሆነ፣ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ ሥራ ሥልጣንና ህሊናን በተመለከተ ከማንም አያንስም፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ ሆኖ የሚያየውና የሚያሰራጨው ሲለያዩበት ግሩም የጥናት ርእስ ይሆናል። ነገር ግን እዚያ ያለው ሥልጣን የአብዮታዊ መንግሥት እንጂ ከቅኝ ገዥ የተወረሰ አይደለም፤ «ድኅረ ቅኝ ግዛት» የሚለው ስያሜ ለኢትዮጵያና ለኤርትራ እንዴት እንደሚሠራ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይፈልጋል። ጊዜዎ አይፈቅድም። የናይጄሪያዊው የቺኑዋ አቼቤ «ኖ ሎንገር አት ኢዝ» (1960) ሌላው አማራጭ ነው፤ ኦቢ ኦኮንኮ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጉቦ ተከሶ ይቀርባል፣ የቀረው መጽሐፍ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ነው። የወር ደመወዙ 47 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ሆኖ 20 ፓውንዱ ላስተማረው የተወላጆች ማኅበር ዕዳ ይሄዳል፤ የቤተሰብ መዋጮ፣ የመኪና መድንና ግብር ሲጨመሩ ውድቀቱ የሒሳብ ስሌት ይሆናል። ለሙስና ጥናት ድንቅ ነው፤ ለጸጸት ግን ብዙ አይሰጥዎትም፣ ኦቢ ከጸጸቱ ይልቅ ድካሙ ይበልጣልና።

የምመክርዎት የኬንያዊውን የንጉጊ ዋ ቲዮንጎን «ኤ ግሬን ኦቭ ዊት» (1967) ነው፤ ከ«ዲስግሬስ» ጋር ብቻ፣ ሦስተኛ ሳይጨምሩ። ሙጎ የነጻነት ታጋዩን ኪሂካን ለእንግሊዛዊው ሹም ለቶምሰን አሳልፎ ሰጥቷል፤ መንደሩ ይህን ሳያውቅ ጀግና አድርጎ ኬንያ ነጻ በወጣችበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1963፣ ዋና ተናጋሪ እንዲሆን ይለምነዋል። ከሃዲው የእንግሊዞች ተባባሪ የነበረው ካራንጃ ነው ተብሎ ተጠርጥሯል። ሙጎ ግን ማንም ሳያስገድደው ለኪሂካ እህት ለሙምቢ፣ ቀጥሎም በሕዝቡ ፊት ይናዘዛል። ከሉሪ ጋር ያለው ልዩነት የተሟላ ነው፤ ሉሪ መስማት ለማይገባቸው ተናዞ መስማት የሚገባትን ያልፋል፣ ሙጎ ለሚገባቸው ተናዞ ሕይወቱን ይከፍላል። ሙጎ ዋጋውን ሲከፍል ደግሞ የአካባቢው የፓርላማ አባል የሙምቢ ባል ጊኮንዮና ጓደኞቹ በማኅበር ሊገዙት ያሰቡትን እርሻ ለራሱ ገዝቶ ዝም ብሎ ይኖራል። አዲሱ ሥልጣን ኑዛዜ የማይጠየቅበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። የቅኝ ግዛት ተቃዋሚው ጸሐፊ ፍራንዝ ፋኖን በ1961 ስለ ብሔራዊ ከበርቴ የጻፈው ምዕራፍ ለዚህ ክፍል ይሠራል፤ ለኩትሲ ግን አይለጥፉት፣ የሚናገሩበት ማኅበራዊ መደብ የተለያየ ነው።

ውሾችንም በሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ይከታተሉ። በንጉጊ የነጯ ተመራማሪ የዶክተር ሊንድ ትልቅ ውሻ በካራንጃ ላይ ሊወርድበት ሲል የነጩ ቤት ሥልጣን ጥርስ ያወጣል፤ በኩትሲም ሉሪ በሉሲ አጥር ውስጥ የተገደሉትን ውሾች ሲያስብ፣ በዚያ አገር ውሾች የጥቁር ሰው ሽታ ሲሸታቸው እንዲያጉረመርሙ እንደሚዳቀሉ ይነገራል። ይህን የማያነሣ የ«ውሾቹ ስርየት» ንባብ ጎዶሎ ነው። መጽሐፉን ሲገዙ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ሲያወጡ ደግሞ የንጉጊን እትም ያረጋግጡ፤ ደራሲው በ1980ዎቹ አሻሽሎታል። በ1967ቱ እትም የቀድሞ ቤት አገልጋይዋ ኮይናንዱ ዶክተር ሊንድን ይደፍራታል፤ በተሻሻለው እትም ይህ ወጥቷል። ስለ ሉሲ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለምና ከሁለቱም ጠቅሰው የትኛውን እንደሚከተሉ በመግቢያዎ ላይ ያስፍሩ።